የመዲና ተራ

ጥርሴ አልቆ ቀንድ መንፋት ስላቃተኝ ከሥራዬ ተሰናበትኩ። ቦይ የሚጠብቅ የውሃ አባት እግሩ ቢደክም በቅሎ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ቢደክም ሰው ይመራዋል፤ ትንፋሹ በድዱ መካከል ካመለጠው ግን አበቃለት። ባለፈው ጥቅምት፣ ቦዩ ከመጠረጉ በፊት፣ የውሃ ባለተራዎቹን ሰብስቤ የአጋዘኑን ቀንድ ለተተኪዬ አስረከብኩ። አበሉኝ፣ መረቁኝ፣ ትንሽም ቀለዱብኝ።

በዚያ ግብዣ ላይ ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ እንግዳ ነበረ። ከአገረ ገዡ ቤት ነው፤ ጨዋ ሰው ነው። ቁልቁል ወደ ቦዩ እያየ፣ «ለመሆኑ ይህ ውሃ የማን ነው?» አለኝ። «የባለተራዎቹ ነዋ» አልኩት። «በምን ታውቃለህ?» አለ። መልስ አለኝ፤ ግን መልሱ የራሴ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ታሪኩን ነገርኩት። ዳዊት የደገምኩ ሰው ስለሆንኩ እዚህም እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በኬላ ነው። ከአሊዩ አምባ ገበያ ወደ አንኮበር የሚወጣውን ጭነት ከሚፈትሹት ጋር እቆም ነበር። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገመድ ግን ይወድ ነበር። በመንገዱ ላይ አንድ ገመድ አስወጠረ። ነጋዴው በጎን ሲያልፍ ሁለተኛ አስወጠረ፤ ቀጥሎም ሦስተኛ። ገመዱ በጠበቀ ቁጥር በጫካው ውስጥ ያለው የፍየል መንገድ እየሰፋ ሄደ። ወደ መጨረሻው ግመል ያሳልፍ ነበር። አለቃችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እዚያም ገመድ ይወጠር» አለ። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲወጣ የኬላው ሰው ተቀነሰ፣ እኔም ከተቀነሱት ጋር ወጣሁ።

እኔን ተሰማን ያስጠጉኝ የእናቴ አጎት አያ ደምሴ ናቸው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ክርስቲያኑንም እስላሙንም የሚያጠጣ ቦይ አለ፤ የዚያ ቦይ የውሃ አባት እሳቸው ነበሩ። ደመወዝ የሚባል የለም። በመከር ጊዜ ከየደጁ እህል ይሰፈርልናል፣ በዚያ እንኖራለን።

የቦዩ ሕግ አጭር ነው፤ የቆፈረ ይጠጣል። በልጅነቴ ቦዩ ከአንድ ጥቁር ቋጥኝ ደርሶ ቆሞ ነበር። ድንጋዩን እሳት አንድደውበት ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት፣ ሲሰነጠቅም በድጅኖ እየፈለቀቁ አሳለፉት። ብዙ እጅ ያዋጣ ቤት ብዙ ተራ አገኘ። አንድ እጅ ያዋጣም አንድ አገኘ። ተራ ለልጅ ይተላለፋል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ከጎረቤትም ይለዋወጡበታል። ተራን የሚያሳጣ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቀንድ ተነፍቶ ለጥገና ያልመጣ ሰው ተራው ይታለፋል።

አያ ደምሴ ብዙ አይናገሩም ነበር። ያስተማሩኝ በገለባ ነው። ገለባ ውሃው ላይ ይጥሉና ከጎኑ በዝግታ ይራመዳሉ። ገለባው ከቀደማቸው ውሃው ፈጥኗል፣ ዳሩን ይበላዋል። እሳቸው ከቀደሙት ውሃው ሰንፏል፣ ደለል ይሞላዋል። ጎን ለጎን ከሄዱ ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጆሯቸውን በቦዩ ዳር መሬት ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ ፍልፈል ከሥር ቀዳዳ አበጅቶ እንደሆነ የሚያውቁት እንዲያ ነው። «ውሃ ሲጮህ አትፍራ፣ ዝም ሲል ፍራ» ይሉኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ስም መጥራት ነው። የማንንም ሰው ተራ፣ ባለቤቱ እዚያው ከጎናቸው ቢቆምም እንኳ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ጮኸው ሳይጠሩ አይከፍቱም። «ቆሜ እያየሁዎት?» ብሎ የሚስቅ ነበረ። እሳቸው ግን ይጠራሉ። ውሃ የሰረቀ ሰው ሲገኝ አይሳደቡም፣ አይከሱም፤ ጭቃ እግራቸውን ሳይታጠቡ ሄደው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። እህል ቢያቀርቡላቸው አይቀምሱም። አላፊ አግዳሚው «አያ ደምሴ ምን ሆነው ነው?» ይላል። ሰውየው እስኪወጣና «አጥፍቻለሁ» እስኪል ነው የሚቀመጡት። ረጅም ተቀምጠው አያውቁም።

መዲና ከቦዩ ጭራ ላይ ያለች መበለት ነበረች። ባሏ ኢብራሂም ጥቁሩን ቋጥኝ ከፈለቀቁት አንዱ ነው፤ በኋላ ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለው። የተወላት አንድ ተራ፣ አንድ የበርበሬ መደብና አንድ ድጅኖ ነው። ወንድሟ ቆላ ነበርና «ነይ፣ ከልጆቼ ጋር ኑሪ» ይላት ነበር። እሷ ግን በወንድም ሚስት ምድጃ ዙሪያ ማርጀትን አልፈለገችም። በርበሬዋ እስከበቀለ ድረስ የቤቷ እመቤት ናት።

በርበሬ ደግሞ እንደ ጡት ልጅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። የመዲና ተራ በየሁለት ሳምንቱ አንዴ የሚመጣ ሙሉ ውሃ ነው፤ እሱን መደቡ ላይ ብትለቀው ችግኙን ያሰጥመዋል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ተራ ይደርቅባታል። ስለዚህ ከአቶ ጓንጉል ጋር ተዋውላ ነበር። ጓንጉል ከላይ ያለ ብዙ ተራ ያለው ባለሸንኮራ ነው፤ ሸንኮራ ሙሉ ውሃ ይወዳል። እሷ ሙሉ ተራዋን ትሰጠዋለች፣ እሱ በየሁለት ቀኑ ከራሱ ውሃ በጠባብ ፈለግ ይለቅላታል። ምስክሩ አያ ደምሴ ናቸው። ጓንጉል አፈ ሻካራ ሰው ነው፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አላጎደለባትም።

ምስለኔው የመጡት ይህ ሁሉ ተደላድሎ ባለበት ጊዜ ነው። አገረ ገዡ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው እሳቸውን በእኛ ላይ እንደራሴ አደረጓቸው። ስለ እሳቸው ክፉ እንድናገር የሞከረኝ ብዙ ነው፤ ክፉ አላገኘሁባቸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሰምተው የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ሙክት ቢያመጡላቸው ይመልሳሉ። ደሃ ሲያለቅስ ከበቅሎ ይወርዳሉ። አንድ ቀን በቦዩ ዳር ሲያልፉ አያ ደምሴ የመዲናን ስም ሦስት ጊዜ ጠርተው ውሃውን ወደ ጓንጉል ማሳ ሲለቁ አዩ።

«የተጠራችው ማን ናት?» አሉ።

«ከታች ያለች መበለት ናት ጌታዬ» አሉ አያ ደምሴ።

«ይህስ ማሳ?»

«የአቶ ጓንጉል ነው።»

የምስለኔው ፊት ጠቆረ። «የመበለት ውሃ በጠራራ ፀሐይ ወደ ባለጠጋ ማሳ ይገባል፣ አንተም ቆመህ ስሟን ትጠራለህ?»

አያ ደምሴ ስለ በርበሬውና ስለ ሸንኮራው አስረዱ። ምስለኔው በትዕግሥት ሰሙ። «እሷው ወዳ ነው» ሲባሉ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቸገረው ሰው የማይስማማበት ነገር የለም» አሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ። ውሃ የፈጣሪ ነው፣ ጠባቂውም መንግሥት ነው ተባለ። ከእንግዲህ ተራ ለሁሉም ቤት እኩል ይሆናል። ተራውን የሰጠ፣ የለወጠ፣ ያዋሰ ይቀጣል። ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ በመንግሥት የተሾመ ጠባቂ ብቻ ነው። ብዙ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው። የጓንጉል ተራ ሲቀነስ የማይወድ ጎረቤት አልነበረውም። መዲና ግን አዋጁን ሰምታ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «ውሃሽን መለስንልሽ አሉኝ። ወላሂ፣ መች ጠፍቶብኝ ነበር?» አለችኝ።

አያ ደምሴ አልተከራከሩም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉና ቀንዱን ከግድግዳ አውርደው ለእኔ ሰጡኝ። ጠባቂ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልይዘው ውሃ የማያውቅ አሽከር ይይዘው ነበር፤ ያኔም እንዲህ አሰብኩ፣ ዛሬም እንዲሁ አስባለሁ። ጓንጉል ሲያገኘኝ ጋቢውን ዝቅ አድርጎ፣ «የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ የሚዘርፈው መጣ» እያለ እጅ ይነሣኝ ነበር።

የመዲና ተራ ሲደርስ በአዋጁ መሠረት ሙሉውን ውሃ ወደ በርበሬዋ ለቀቅሁት። እሷም በመደቡ ጫፍ ጉድጓድ ቆፍራ የተረፈውን ልታቁር ሞከረች፤ መሬቱ አሸዋ ነውና ሳይነጋ ጠጥቶት አደረ። ከዚያ ፀሐዩ አከረረው። በሚቀጥለው ተራ ደግሞ ውሃው ተኝቶበት ሥሩ በሰበሰ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ጓንጉል ከማዶ ቆሞ ያያል፤ በራሱ ቀን ጠባቧን ፈለግ ልክፈትላት ቢል የሚቀጣው እሱ፣ የሚያስቀጣውም እኔ ነኝ። ሁለታችንም አንዲት ሴት ስትጎዳ በሕግ ቆመን አየን።

ምስለኔው በዚያ ሰሞን ደብረ ብርሃን ተጠርተው ነበር። ተከትያቸው ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው በድርብ ጋቢ ተሸፋፍነው እሳት ዳር አገኘኋቸው። ከእሳቱ አስጠጉኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ።

«ለመዲና ይፍቀዱላት ጌታዬ» አልኩ። «ለውጡን የምትፈልገው እሷው ናት።»

«ለእሷ ከፈቀድኩ ነገ አንዱ ጉልበተኛ ሌላዋን ደካማ አስፈራርቶ ‹እሷው ናት የፈለገችው› ይለኛል። ያንን ማን ይለየዋል?»

«አያ ደምሴ ይለዩታል።»

«ደምሴ ሲሞትስ?»

 ምስለኔው እሳቱን ቆሰቆሱና፣ «እኔ መዲናን አላውቃትም፣ ጓንጉልንም አላውቀውም» አሉ። «ስለማላውቃቸው ነው እኩል የማደርጋቸው። ካወቅኋቸው አዳላለሁ።» ይህን ያሉት በቅንነት ነው። አያ ደምሴ ከሞቱ እነሆ ብዙ ዘመን ሆነ፣ ቦዩም ይፈሳል፤ ጥያቄው ግን ቀላል ነበር አልልም።  ጠላዬን ጠጥቼ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

በሥራ ዘመኔ የወደቅሁበት ቀን የመጣው በበልግ ዝናብ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዶፍ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ቦዩ ግን ከጥቁሩ ቋጥኝ በታች ዝም ብሏል። ሮጬ ስደርስ ፍልፈል የቆፈረው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ዳሩን እየናደው ነው። እንዲህ ያለውን ስብራት አውቀዋለሁ። ኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ድንጋይ ይደረደራል፣ ሣር ከነሥሩ እየተገመሰ ይጠቀጠቃል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይለሰናል። ከባድ አይደለም፤ እጅ ግን ይፈልጋል። ወዲያው ከመጡ ሳይመሽ ያልቃል።

ቀንዱን ነፋሁ። በአያ ደምሴ ዘመን የመጀመሪያው ድምፅ ሳያባራ ዶማ በየትከሻው ይታይ ነበር። አሁን የመጡት ሁለት የምስለኔው አሽከሮች ናቸው፤ አንዱ ጋሻ ይዟል። ደግሜ ነፋሁ። ሰዎቹ በየማሳቸው ዳር ቆመዋል፣ ይሰሙኛል፣ ያዩኛልም። ማንም አልተነቃነቀም። ጓንጉል ከማዶ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ፤ «የባለቤቱን ስም ጥራ እንጂ!»

አፌን ከፈትኩ። ማንን ልጥራ? የቦዩ ባለቤት መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ዶማ ይዞ ከየት ይመጣል? እንዲሁ እንደቆምኩ ዳሩ ከሥሩ ተገንድሶ ገደሉን ወረደ፤ ከእሱም ጋር የቋጥኙ ጠርዝ ሄደ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቦዩ ብቻ አልነበረም። ሥራ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበርና፣ ዕውቀቴ ሁሉ ያለ ሰዎቹ ምንም እንዳልሆነ ሳየው አፈርኩ።

መዲናን በማግሥቱ ሄጄ አየኋት። የደረቀውን በርበሬ እየነቀለች ትከምራለች።

«ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«በአላህ፣ አንተ ተሰማ፣ ምኑን ልጠግን ልምጣ?» አለች። «ድሮ ቀንድ ስሰማ ‹ውሃዬ ተሰበረ› እላለሁ። ትናንት ስሰማው ‹ውሃቸው ተሰበረ› አልኩ። እኔም ደነገጥኩ፣ ግን ያልኩት እሱን ነው።»

ዕቃዋን በአንዲት አህያ ጫነች። የኢብራሂምን ድጅኖ ግን በትከሻዋ ያዘች። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ብረቱም ከባድ ነው፤ «ትተሽው ብትሄጂስ?» አልኳት። «ይህን ማንም ስላልመለሰልኝ የኔ ነው» አለችና ወደ ወንድሟ ቤት ወረደች።

ያ ዓመት ለሁሉም ክፉ ሆነ። የጓንጉል ሸንኮራ ከሰለ፣ የእኩል ተራ ደስተኞችም እኩል ደረቁ። ምስለኔው አሽከሮቻቸውን ልከው ቦዩን አስጠገኑ፤ በመጀመሪያው ውሃ ፈረሰ። ከደብረ ብርሃን የሹም ሽር ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምስለኔው የተሻሩት በቦዩ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ቦዩ በላይ ያሉት ሰምተውም አያውቁም። አዋጁን የሻረው የለም፤ የሚያስከብረው ግን አልነበረም። አያ ደምሴ በዚያ ጊዜ ታመው ነበርና ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ «አዲሱ ሹም ሳይመጣ ቦዩን ጠግኑት» ብለው ላኩብኝ። ቀጥለውም፣ «ስብራቱ የኢብራሂም ቋጥኝ ላይ ነው። ያለ እሱ ቤት ድጅኖ እንዳይነሣ» አሉ። ልማዱ እንዲያ ነው፤ የተሰበረውን መጀመሪያ የሚመታው ያንን ቦታ የቆፈረ ቤት ነው።

ቆላ ወረድኩ። መዲና በወንድሟ ደጅ ማሽላ ታበጥራለች። ከደጃፉ ሳልገባ ቆሜ ጮህኩ፤ «የኢብራሂም ቤት! የኢብራሂም ቤት! የኢብራሂም ቤት!» ወንድሟ እብድ የመጣ መስሎት ወጣ። እሷ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ድጅኖውን ላምጣው» አለች።

ጠዋት ቋጥኙ ላይ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ዶማውን ይዞ ቆሟል፤ ጓንጉል ከነልጆቹ ከፊት ነው። መንገድ ለቀቁላት። «ቢስሚላህ» ብላ መታች፤ ከዚያ በኋላ ማን ከማን እንደሠራ አልታወቀም። ከቀናት በኋላ ውሃውን ስንለቅ ገለባ ጣልኩበትና ከጎኑ ተራመድኩ። አብሮኝ ሄደ።

በስብራቱ ላይ መጀመሪያ የመታ ቤት የመጀመሪያውን ተራ ያገኛል። ቀንዱን ከአንገቴ አውርጄ ስሟን ልጠራ ስል የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ምስለኔው አሊዩ አምባ ተሰናብተው ወደ ላይ እየወጡ ነው። ሹመት የሌለው ሰው ናቸው፤ አጃቢያቸው አንድ ብቻ ነው። ሁላችንም እጅ ነሣን። ከበቅሏቸው ወርደው ውሃውን አዩ፣ መዲናንም አዩ። ያን ቀን አወቋት መሰለኝ።

መዲና ወደ ጓንጉል ዞራ ሁሉም እየሰማ፣ «አያ ጓንጉል፣ ተራዬን ውሰድ። የኔዋን ጠባብ ፈለግ በየሁለት ቀኑ» አለች።

«እንደ ጥንቱ» አለ ጓንጉል፣ ድምፁ እንኳ ያን ቀን አልሻከረም።

ምስለኔው ያዘኑ መሰሉ። «እመቤቴ፣ ያን ሁሉ የደከምኩት ተራሽ በእጅሽ እንዲቀር ነበር» አሏት። «አሁንም መልሰሽ ሰጠሽው?»

መዲና ድጅኖውን መሬት ላይ ተክላ ተደገፈችው። አልተቆጣችም፤ ለእንግዳ መንገድ እንደምታሳይ አድርጋ ነው የመለሰችላቸው።

«ጌታዬ፣ መስጠት ካልቻልኩ የኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ምስለኔው በቅሏቸው ላይ ሳይቀመጡ በእጃቸው እየሳቧት ዳገቱን ወጡ። እኔም የመዲናን ስም ሦስት ጊዜ ጠርቼ ውሃውን ወደ ጓንጉል ማሳ ከፈትኩት።